ጎርፍ ደርሶ ሰላምታዋ ያላለቀላት አህዪት

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ስልካችሁንም ደፋ አድርጉት። ተረት ልነግራችሁ ነው። «ንገሪን» አላችሁ? እንግዲያው ስሙኝ።

በድሮ ዘመን፣ እንስሳት ኔትወርክ ፍለጋ ከኮረብታ ኮረብታ በሚንከራተቱበት ጊዜ፣ አያ ዝሆን የሚባል የጎተራ አለቃ ነበረ። ሦስት ሠራተኞች ነበሩት። እመት አህዪት ወንዙ ዳር ቆማ ውሃውን ትጠብቃለች። እመት ፍየል ጎተራው ውስጥ እህሉን ትጠብቃለች። እመት ጦጣ በር ላይ ተቀምጣ ገቢ ወጪውን ታያለች። አያ ዝሆን ራሱ ኮረብታው ላይ ካለው ቢሮው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ለሁሉም ስልክ ሰጣቸውና «ነገር ሲኖር ግሩፑ ላይ ጻፉልኝ» አላቸው።

እመት ጦጣ ግን ነገር ሳይኖርም ትጽፍ ነበር። ጠዋት የሚስቅ ፊት ትልካለች። ቀትር ላይ የሚስቅ ፊት ትልካለች። ማታ ደግሞ የራሷን ፎቶ ልካ «እንዴት ነኝ?» ትላለች። አያ ዝሆን ጆሮው ትልቅ ነውና ጩኸቱ አሰለቸው፤ የግሩፑን ድምፅ ዘጋው።

አንድ የክረምት ቀን ከላይ አገር ዘነበና ወንዙ ሞላ። እመት አህዪት አየችው። ስልኳ «እመቴ፣ ቶሎ ‹ጎርፍ› ብለሽ ጻፊ!» አላት።

«ምን? ሰላምታ ሳላቀርብ? እኔ ከብት ነኝ እንዴ?» ብላ ተቆጣችው። ከዚያም ግሩፑን ትታ ለጎተራ ጠባቂዋ «ሰላም እመት ፍየል» ብላ ጻፈችና መልስ ልትጠብቅ ቆመች። ውሃው ሰኮናዋን ነካ።

እመት ፍየል መልእክቱን አየች። «ጉዳይ ካላት ትናገር የለ?» ብላ ማመንዠኳን ቀጠለች።

«ግልገሎቹ ደኅና ናቸው?» ስትል ጻፈች አህዪት። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ።

«ተመስገን። አንቺስ?»

«ተመስገን ነው። ትንሽ ረጠብ ብያለሁ እንጂ።»

ስልኳ «እመቴ፣ ኧረ እኔ ዋና አልችልም!» ብሎ ጮኸ።

እመት አህዪት አሁንም ጻፈች፦ «አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።» ውሃው ሆዷ ደረሰ።

እመት ፍየል ደነገጠች። «ምን ነገር?» አለች። ስልኳ «እየጻፈች ነው… እየጻፈች ነው…» ይላታል። ለፍየል ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። «ወየው ጉዴ! በዓል ደርሷል ማለት ነው!» ብላ ስልኳን አጥፍታ ከጆንያ ኋላ ተደበቀች።

እመት አህዪት ቸገራትና ግሩፑ ላይ «ጎርፍ!» ብላ ጻፈች። እመት ጦጣ ቀልድ መሰላት፤ የሚስቅ ፊት ላከች። አያ ዝሆን ድምፁን ዘግቷል፤ አልሰማም። ጎርፉም ማንንም ሳያስፈቅድ ጎተራው ገባ።

ያን ጊዜ እመት አህዪት ወጉን ሁሉ ረሳችው። አንገቷን አስግጋ አናፋች! አገር ምድሩ ተናወጠ። አያ ዝሆን ከኮረብታው ተንደርድሮ ወረደና አህዪቱን በኩምቢው ጎትቶ አወጣት። ጦጣዋን ከበሩ ጫፍ ላይ አነሳት። ፍየሏን ጆንያ ላይ ተንሳፋ አገኛት፤ «በዓሉ አለፈ?» እያለች ታለቅሳለች። ከእህሉ ግን ግማሹን ወንዝ ወሰደው።

ውሃው ሲጎድል አያ ዝሆን ሰበሰባቸው።

«ጥፋቱ ከእኔ ይጀምራል» አለ። «ጆሮ ይዤ ጆሮዬን ዘጋሁ። አንቺ እመት ጦጣ፣ በዋዛሽ ብዛት ቁም ነገሩንም ዋዛ አስመሰልሽው። የተረፈውን እህል አንቺ ታሰጫለሽ።»

እመት አህዪት እንባ እንባ አላት። «አያ ዝሆን፣ ሰላም ማለት ጥፋት ሆነ?»

«የለም፣ እመት አህዪት። ሰላምታሽ ማር ነው። ግን ሰላምታውን ልከሽ ጉዳዩን ቤትሽ አታስቀሪው። ጭነት ታውቂ የለ? ሁለቱንም አንድ ላይ ጫኚው።»

እመት አህዪት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። በማግስቱ ለእመት ፍየል እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሰላም እመት ፍየል፣ ወንዙ ጎድሏል፣ በዓልም አልደረሰም፣ ግልገሎቹን ሳሚልኝ።»

እመት ፍየል አንብባ እፎይ አለች፤ እስከ ማታም ስትዘል ዋለች።

እናንተም ስሙ፦ ሰላምታ በር ያስከፍታል፤ ጉዳዩ ከዘገየ ግን በተከፈተው በር ጎርፍ ይገባል።