ያልተተኮሰው ጥጃ

ተረት አምጣ ካላችሁኝ፣ ከከብት በረት ላምጣላችሁ።

ቦራ የምትባል ላም አንድ ጥጃ ነበራት። ጥጆች በጋለ ብረት ምልክት የሚደረግባቸው ቀን ደረሰና የአካባቢው ቤተሰቦች በደቦ ተሰበሰቡ። ወንዶቹ ጥጃ ጠልፈው ይጥላሉ፣ ሴቶቹ እሳት ያነዳሉ። ቦራ የሚቃጠል ቆዳ ሲሸታት ጥጃዋን እየገፋች ልትደብቀው ወደ ቁጥቋጦው አመራች።

እሳት ውስጥ የተጋደመው ብረት አያትና እንዲህ አላት፦

«አምጪው እንጂ፤ የእኔ ሕመም የአንድ አፍታ ነው።»

«አንተ ምን ታውቃለህ! አልወለድክ፣ አላጠባህ» ብላው ሄደች።

ሥራው ሲያልቅ ቦራ «ተረፈልኝ» ብላ ጥጃዋን አወጣችና ታጠባው ጀመር። ደቦውን የሚመሩት ሽማግሌ ቀርበው ጭኑን ዳበሱት፤ ጠባሳ የለውም።

«ማንንም ይጥባ፣ ምልክት ከሌለው የማንም አይደለም። እንደ ልማዳችን ለደቦው ይታረድ» አሉ።

ቦራ ወደ ብረቱ ሮጠች። «ተኩሰው! አሁኑኑ ተኩሰው!»

ብረቱ ግን ከእሳቱ ወጥቶ ቀዝቅዟል፤ በእሱ ቦታ ሴቶቹ የሥጋ ድስት እየጣዱ ነው።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በሥጋ እንዳታብሱ።