አሮጌውን የደበቀው ፎልደር

አንድ አስናቀ የሚባል ፕሮግራም ሠሪ ነበር። የወንዝ ሙላት ሲቃረብ መንደሮችን የሚያስጠነቅቅ ፕሮግራም ይሠራል። አብዛኛውን በፓይተን ጻፈው፤ ፍጥነት የሚፈልገውን ስሌት ደግሞ በሲ ቋንቋ። የፓይተን ኮድ እንደተጻፈ ይሠራል፤ የሲ ኮድ ግን መጀመሪያ ወደ ማሽን ቋንቋ መቀየር አለበት። አስናቀ ፓይተኑንም፣ ሲውንም፣ ከሲው የተቀየረውንም በአንድ ፎልደር አጨቃቸው።

አለቃው ወይዘሮ የሺመቤት ይህን አዩ።

«ለሲው የራሱን ፎልደር ስጠው፤ የተቀየረውም ለብቻው ይቀመጥ» አሉት።

«የአንድ ቤት ልጆች አይደሉም እንዴ? ምን ያለያያቸዋል?» ብሎ ሳቀ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ልጄ።»

እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ክረምት ሲገባ የሲውን ስሌት አሻሻለ። ማሻሻያው ስህተት ስለነበረበት ወደ ማሽን ቋንቋ አልተቀየረም። አስናቀ ይህን ልብ ሳይል ፕሮግራሙን ሞከረው፤ ፓይተኑም አጠገቡ ያገኘውን፣ ቀድሞ የተቀየረውን አሮጌ ቅጂ አንስቶ እንደ ወትሮው ሠራ። «እሰይ» አለና አዲሱን ኮድ ወንዝ ዳር ወዳለው ጣቢያ ላከ። የላከው የተጻፈውን ኮድ ብቻ ስለነበር አሮጌው ቅጂ አብሮ አልሄደም።

ጣቢያው አዲሱን በጫነ ማግስት ጎርፍ መጣ። የጣቢያው ጠባቂ አቶ ጉርሜሳ ለአስናቀ ደወሉ።

«ወንዙ እየሞላ ነው፤ ያንተ ፕሮግራም ግን አልነሳም ብሏል።»

ስልኩን ዘግተው መንደሩን በእግራቸው እየዞሩ አስጠነቀቁ። ሰው ሁሉ ተረፈ። ወንዝ ዳር የታሰሩትን የራሳቸውን በሬዎች ለመፍታት ግን አልደረሱም።

አስናቀ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። «እዚህ እኮ ይሠራል» አለ በቀስታ።

«የሚሠራው አሮጌው ነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «አዲሱን ማንም አልሞከረውም፤ አንተም ጭምር።»

ያኔ ሦስቱን ለየብቻ አስቀመጠና ፕሮግራሙን አስነሳው። ፓይተኑ ከአጠገቡ የሚያነሳው አሮጌ ቅጂ ስላጣ፣ ፕሮግራሙ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እምቢ አለ፤ ስህተቱም ፊት ለፊት ታየ።

«ያኔ እንዲህ እምቢ ብሎኝ ቢሆን፣ የጋሽ ጉርሜሳ በሬዎች ዛሬ ይጠመዱ ነበር» አለ።

ለይቶ ማስቀመጥ ማጣላት አይደለም። የአንዱ ጉድለት በሌላው ጥላ ሥር እንዳይደበቅ ነው። ገና ከቤት ሳይወጣ እምቢ የሚል ሥራ፣ ወንዝ ዳር ከሚያሳፍር ይሻላል። እርስዎስ «ይሠራል» ብለው ያለፉት ነገር፣ የሚሠራው አዲሱ ነው ወይስ ከአጠገቡ ያላራቁት አሮጌ?