ድልድሉን ያላነሳው ገበሬ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ያውም የዋዛ ገበሬ አይደለም። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያያል። አህያ እንኳ ሲገዛ ጭነቷን አስወርዶ፣ ከጭነቱ ሥር ጀርባዋን የሚጠብቀውን ድልድል አስነስቶ፣ ገላዋን በመዳፉ ዳብሶ ነው። በአገሩ ልማዱ ይህ ነበር። ድልድሉን ሳያስነሳ ጀርባው የተላጠ ከብት የገዛ ሰው በገበያው ሁሉ ይሳቅበታል። በሪሁን፣ ስለዚያ የአውቶቡስ ድርጅት አክሲዮን ጠይቀኸኛልና ይህን ሰው ልብ ብለህ ስማው።

በዚያው አገር አንድ ሀብታም ነጋዴ ነበረ። በስምንት የጭነት በቅሎዎች ጨው እያስጫነ ይነግዳል። ይህ ነጋዴ አንድ ቀን «የንግዴን እኩሌታ ለሸሪክ እሸጣለሁ» ብሎ አስወራ። ገበሬውም ሰምቶ ሄደ። ያለው ሀብት ጥንድ በሬ ነው፤ ልጆቹ የሚበሉት በእነሱ ጫንቃ ነው።

ነጋዴው በክብር አስቀመጠውና እንዲህ አለው፦ «አምና አራት መቶ ብር ገባ፤ ሁለት መቶው ለወጪ ሄደ። ዘንድሮም የገባው ያው አራት መቶ ነው፤ ወጪዬ ግን መቶ ብቻ! እንግዲህ አንተው ፍረድ።»

ገበሬው ደስ አለው። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ከየት ይገኛል ብሎ አሰበ። የቀረው መቶ ብር ከምን ላይ እንደቀረ ግን አልጠየቀም። በቅሎዎቹ በግቢው ውስጥ እንደተጫኑ ቆመዋል፤ በአንገታቸው ቃጭል፣ በግንባራቸው ቀይ ጨርቅ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ድልድሉ ሄደ፤ ከዚያ መለሰው። «ሙሉ በቅሎ ብገዛ አስነሳው ነበር፤ አሁን ግን እኩሌታ ነው የምገዛው፣ ሸሪክ ልሆን ነው። ሸሪክን እንደ ሌባ መፈተሽ ነውር ነው» አለ በልቡ። አይ ሞኝ! ግማሽ በቅሎ ሲገዛ ቁስሉ በሌላው ግማሽ ላይ የሚቀርለት መሰለው።

በሬዎቹን ሸጦ ከፈለ፤ ከንግዱም ጋር ተነሣ። በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ከአንድ ወንዝ ዳር ደረሱ። «ጭነቱን እናውርድና ትንሽ ይረፉ» አለ ገበሬው። የጫኞቹ አለቃ ያረጀ ሰው ነው፤ ቀና ብሎም አላየው። «ባናወርድ ይሻላል፣ ጌታዬ» አለ።

«ለምን?»

ሽማግሌው የሌላዋን በቅሎ ጠፍር ማጥበቅ ያዘ። ገበሬው ራሱ ተነሥቶ የመሪዋን በቅሎ ጠፍር ፈታ፣ ጭነቱን አወረደ፣ ድልድሉን ያዘ። ድልድሉ አልነሣ አለው። ሳብ ቢያደርገው ቆዳዋ አብሮ መጣ። በቅሎዋ ጮኸች። ሽታው ፊቱን መታው፤ ዝንቡ ግር ብሎ ተነሣ፤ ከሥጋው መካከል አጥንቷ ነጥቶ ታየው። ድልድሉን ለቀቀው። ወደ ሁለተኛዋ ሮጠ፣ ወደ ሦስተኛዋ፤ ስምንቱም እንዲሁ ናቸው። ተመልሶ ከሽማግሌው ፊት ቆመ።

«ምን አድርጋችኋቸው ነው?» አለ።

«እኛማ ምን እናድርግ፣ ጌታዬ! አምና ገብስ ይበሉ ነበር፤ ዘንድሮ ከመንገድ ዳር ይጋጡ ተባለ። አምና ድልድሉ ሲያልቅ በአዲስ ይለወጥ ነበር፤ ዘንድሮ በዚሁ ቀረ። አራት የነበርነው ጫኞች ሁለት ሆንን። ለሁለት ሰው ስምንት በቅሎ ማራገፍና መጫን አልሆን ሲለን፣ እንደተጫኑ ያድራሉ።»

«ታዲያ ወጣ የተባለው መቶ ብርስ?»

«እሱማ አብዛኛው ለጌቶች መቀመጫ በቅሎ አንገቷ ላይ የሚንጠለጠል የብር መርገፍ ተገዛበት።»

ከስምንቱ ሦስቱ ያን ወንዝ አልተሻገሩም። የቀሩትም ከዚያ በኋላ ጭነት የሚችሉ አልሆኑም። ገበሬው ትርፍ ነው ብሎ የገዛው ከበቅሎዎቹ ጀርባ የተገፈፈውን ቆዳ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጎረቤቱ ሁሉ ሲያርስ፣ እሱ ባዶ ቀንበር ታቅፎ እርሻው ዳር ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። የሒሳብ መግለጫውን ይዘህ «ጋሼ፣ ትርፉ በአንድ ዓመት በሲሶ አድጓል፤ ልግዛ ወይ?» ስትለኝ ፊትህ እንደ ገበሬው በርቶ ነበር። ነጋዴው ያ ድርጅት ነው፤ በቅሎዎቹ አውቶቡሶቹ ናቸው። ድልድሉ ደግሞ «የሥራ ማስኬጃ ወጪ» የሚለው መስመር ነው። ሰው ሁሉ ድምሩን አይቶ ያልፈዋል፤ አንሥቶ ሥሩን የሚያይ የለም። ወጪ ስለበዛ ብቻ ድርጅት አይከፋም፤ ስላነሰም አይመረቅም። ገቢው ሳይጨምር ትርፉ ከጨመረ ግን «ከማን አፍ ተነጥቆ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ዘንድሮን ከአምና፣ ይህንንም ድርጅት ከመሰሎቹ ጋር አስተያየው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የአንድ አክሲዮንም ባለቤት ብትሆን ባለቤት ነህ።

እኔ ዝርዝሩን አነበብሁት፣ በሪሁን። የኃላፊዎች አበል እጥፍ ሆኗል። የጎማ፣ የፍሬን ሸራና የጥገና ወጪ ግን ከአሥራ ሁለት ሚሊዮን ወደ አራት ሚሊዮን ወርዷል። አውቶቡሶቹ በቁጥር ያው ናቸው፤ መንገዱም ያው ገደል ነው። አንተ ይህን ቁጠባ አልኸው! በቅሎ ጀርባዋ ሲላጥ ቢያንስ ትጮኻለች፤ ፍሬን ግን ሳይጮኽ ነው የሚያልቀው።

ልጅህ ትርንጎ ከኮሌጅ በየዓርቡ የምትመጣው በማን አውቶቡስ ነው? ዛሬ ዓርብ ነው። አክሲዮኑን ተወውና እሷ ሳትሳፈር ደውልላት።