ዐሥረኛው የመሠረት ድንጋይ

የአገሩ ገበሬዎች እንጨት ተሸክመው፣ ጭቃ ረግጠው ያቆሙት አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። የተመሠረተበት ቀን በየዓመቱ ሲከበር፣ ከከተማ የተጋበዘ ባለሥልጣን ለቤተ መጻሕፍት የሚሆን የመሠረት ድንጋይ ያኖርና ምሳውን በልቶ ይሄዳል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን የለም።

በዐሥረኛው ዓመት የመጣው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጉረኛ ነበር። ስሙ በትልቁ የተቀረጸበትን ጥርብ ድንጋይ አኖረ። ጭብጨባው አልበቃ ቢለው፣ ያኔ ጭቃ ከረገጡት አንዱ የነበሩትን ሽማግሌ ዘበኛ ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠራ።

«አባት፣ ይህ ድንጋይ ለልጆቹ ምን እንደሚጠቅም እስቲ ለሕዝቡ ይመስክሩ!» አላቸው።

ሽማግሌው ድንጋዩን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ይጠቅማል እንጂ፣ ጌታዬ! ልጆቹ የሚቀመጡበት ወንበር የላቸውም። ከእርስዎ በፊት የመጡት ዘጠኝ ሹማምንት ያኖሩትን ድንጋይ ነቅለን ክፍል አስገባንና ዘጠኝ ልጆች ተቀመጡበት። በእርስዎ ደግሞ ዐሥረኛው ይቀመጣል። መሬት ላይ የሚቀሩት ሃምሳ ናቸው። ሲመለሱ እባክዎ ሃምሳ ባለሥልጣን ይላኩልን» አሉት።