የነጣችው ማሳ

በአንድ ወቅት፣ ጉም ከሰው ቀድሞ በሚነሳበት ደጋ፣ ወይዘሮ ትርንጎ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ያለቻቸው አንዲት ማሳ ናት። እሷም ስትታረስ ኖራ ኖራ ነጣች፤ ገብሱ ከስንዝር አልረዝም አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይዘሮ ትርንጎ ጆሯቸውን መሬቱ ላይ ያሳርፋሉ። «ድሮ ትተነፍስ ነበር፤ አሁን ጭጭ አለች» ይላሉ። ጎረቤት «ጃጁ» ብሎ ሳቀ። ይሳቅ! እሳቸው ሰው የታመመባቸው ያህል አንጀታቸው ያር ነበር።

ሦስት ልጆቻቸውን ጠሩ። «ለሦስት ብትቆረስ የአንዳችሁንም ጉሮሮ አትደፍንም። ትንፋሿን የመለሰላት እሱ ይውረሳት» አሉ።

በኩሩ ደምለው ጫካ ገባ። ዛፎቹ ሰማይ አያሳዩም፤ ሲቆፍር ግን ጥቁሩ አፈር ብዙም ሳይወርድ አለቀ። «ለካ የዛፍ ሀብቱ ሽቅብ ነው!» አለ። አንዲት ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ የረገፈውን ቅጠል እየተሸከመ ማሳዋን አለበሳት። በዚያ ክረምት ገብሱ ጉልበት ደረሰ፤ ረሃብም ደጃቸውን አልፎ ሄደ። በዓመቱ ቅጠሉ አለቀ። ደምለውም ወገቡ ተቆርጦ ጎብጦ ቀረ።

መካከለኛው አዱኛ ወደ ረግረጉ ወረደ። ረጅም ዘንግ ቢሰድበት ዘንጉ ተዋጠ። ውሃ የተኛበት ሣር ጨርሶ ሳይበሰብስ፣ ዘመን በዘመን ላይ ተደራርቦ፣ ጥቀርሻ የመሰለ አፈር ሆኗል። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ጎተራ ነው!» ብሎ ቦይ ቀደደና ውሃውን አፈሰሰው። አፈሩን ለእናቱ ማሳ ብቻ አይደለም፣ ለመንደሩ በሙሉ አደለ። አራት ዓመት ሰው ጠገበ፤ የወይዘሮ ትርንጎም ጎተራ ሞላ፤ አዱኛ በየሠርጉ ተዘፈነለት። የደረቀው ረግረግ ግን አንድ በጋ ከገለባ እሳት ተያያዘና ከመሬት በታች ወር ሙሉ ጨሰ። ግርጌው ያለች ምንጭም ነጠፈች። አዱኛ እያለቀሰ ቦዩን በገዛ እጁ ደፈነው። ምን ያደርጋል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ማሳዋም ዳግመኛ ነጣች።

ትንሿ ማንያህልሻል ጓሳ የለበሰው ተራራ ላይ ወጣች። ሣሩ ከወገብ አይበልጥም። ሥሩን ተከትላ ብትቆፍር ግን ጉድጓዱ ራሷን ዋጣት፤ አፈሩ አሁንም ጥቁር ነው። አንዲት እፍኝ አልወሰደችም። ጥቂት የሣር ጉቶ ይዛ ወረደችና ማሳዋ ላይ ተከለችው።

«ሰባት ዓመት ማረሻ አይንካት» አለች።

«እስከዚያ ምን ልንበላ ነው ልጄ? ሣር?»

«ጎተራው ሙሉ አይደል፣ እማዬ?»

ጎተራው አምስት ዓመት አቆያቸው። የቀረውን ሁለት ዓመት ወይዘሮ ትርንጎ፣ እኒያ ኩሩ ሴት፣ በስተርጅና የጎረቤት እጅ አዩ። እንዴት እንዳፈሩ አትጠይቁኝ።

በሰባተኛው ዓመት፣ ጉሙ ማሳዋ ላይ እንደተኛ፣ ጆሯቸውን አሳረፉ። ከሥር፣ ከሩቅ፣ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰሙ። «ተነፈሰች!» ብለው አነቡ። ከዚያም ማሳዋን በሚወርሰው ልጅ እጅ ላይ ሊያኖሩት አንድ ጥቁር ጓል አነሱ።

«እማዬ፣ ያኔ በረሃብ ብናልቅ ማን ሰባት ዓመት ይጠብቅ ነበር?» አለ ደምለው።

«የጠበቃችሁት እኔ የሞላሁትን ጎተራ እየበላችሁ ነው» አለ አዱኛ።

«ትንፋሿ ግን የመጣው በሣሩ ነው» አለች ማንያህልሻል። «ለወንድሞቼ ብትሰጫቸው ነገ ያርሷታል፤ ያኔ ትንፋሿ ተመልሶ ይወጣል።»

«ለአንቺ ብትሰጥስ እኛ ምን እንበላለን?» አሉ ሁለቱም።

ወይዘሮ ትርንጎ የደምለውን ጉብጠት አዩ፤ የአዱኛን እንባ አስታወሱ፤ የማንያህልሻልን እጅ አዩ። ሦስቱንም አምጠው ወልደዋቸዋል። ጓሉን እንደያዙ በሦስቱ መካከል ቆሙ።

እንግዲህ የእኔን ዳቦ አቆዩልኝ፤ ሳትፈርዱ አልቆርስም። ጓሉ ለማን ይገባል?