ስድስት የእንግሊዝ ሸክላ

የማናውቃቸው ሰው በስልክ «መርፌ አላችሁ?» ሲሉ መንቃት ነበረብኝ። እኔ ግን ስኳር አለባቸው፣ መጥተው ቤቴ ይወድቁብኛል ብዬ ፈራሁና ፋርማሲ ሮጥኩ። እዚህ ድሬዳዋ፣ በእኛ ግቢ፣ ሳያጣራ ለሚስማማ ሰው የምንወረውረው አንድ አባባል አለ፤ መነሻው ያ ስልክ ነው።

ልጄ ትሕትና አሮጌ የእንግሊዝ ሸክላ ትሰበስባለች፤ ሳህን፣ የሾርባ ዕቃ፣ እንደ ብረት ጠንካራ ነው የሚባለውን ወፍራሙን ዓይነት። ቻይናን በሕልሙ ብቻ ያየ እንግሊዛዊ የሣለው ይመስል፣ ጠማማ ፎቅ፣ ድልድይና ጭራው የረዘመ ወፍ አለበት። ከሁሉም የምትሳሳለት ትልቁ ሞላላ ሳህን ነው። ከትንንሾቹ ግን ስድስት ጎደሏት። «የእንግሊዝ ሸክላ በእንግሊዝ ሸክላ እለውጣለሁ» ብላ ቴሌግራም ላይ ለጠፈች። አቶ ዘውገ የሚባሉ ጡረተኛ ከሐረር ደወሉ።

«ስድስት አለኝ።»

«አልተሰነጠቁም?»

«አቦ፣ ጭረት እንኳ አታገኚም! ያንቺስ?»

«የኔ አንድ ነው፤ ግን ትልቁ ነው።»

«ትልቁንማ ስፈልገው ነው የኖርኩት!» አሉና ያችን የመርፌ ጥያቄ ጠየቁ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ካርቶን ታቅፈው መጡ። ትሕትና ሳህኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሰጠቻቸው።

«ካርቶኑን እንክፈተው እንጂ፣ ተሰባብሮ ቢሆንስ?» አልኩ።

«እትዬ፣ የመጨረሻው ሚኒባስ ያመልጠኛል! መርፌውስ?»

በወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት መርፌዎች ሰጠኋቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ! ዛሬ መርፌ ከየት ይገኛል?» ብለው ሳያዩት ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ካርቶኑን ስንከፍተው ስድስት ጥቁር ክብ ነገር። መሃላቸው ተበስቷል።

«የተበሳ ሳህን!» ብዬ ጮኽኩ።

«እማዬ፣ ይኼ የዘፈን ሸክላ ነው!»

ካርቶኑን አንስታ ሮጠች። ነጠላዬን እየጎተትኩ ተከተልኳት። ሳህኑ ሚኒባስ ጎማ ሥር ተሰባብሮ፣ ልጄም አጠገቡ ወድቃ ይታየኝ ነበር።

መናኸሪያ ስንደርስ አቶ ዘውገ ሳህኑን ከብርድ ልብሱ አውጥተው በብብታቸው ሸጉጠው፣ መርፌውን በጣታቸው ይዘው ደርቀው ቆመዋል። ተሳፋሪው ሆዱን ይዞ ይስቃል።

«ልጄ፣ እኔ የግራሞፎን መርፌ መስሎኝ! ይኼን ሳህንስ በምን ላጫውተው?» አሏት።

«አባባ፣ በመርፌው ይውጉት፣ ይጮህልዎታል!» አለች አንዲት ጫት ነጋዴ።

እሳቸውም ሳቃቸው ፈነዳ። ሸክላቸውን ተቀብለው፣ ሳህኑን በሁለት እጃቸው አስረከቧት። እጃቸውን አልቦት ሳህኑ እንዳያመልጣቸው ብዬ፣ እስክትይዘው ድረስ ነጠላዬን ከሥሩ ዘረጋሁ።

«ስድስቱ ይቅሩብኝ» አለች ትሕትና መንገድ ላይ፣ እንደ ሕፃን ታቅፋው። «ምን ነክቶኝ ነው ይኼን ልሰጥ የነበረው?»

ቤት ገብተን በባትሪ ጠርዙን ሁሉ ፈተሽኩ። ደህና ነው። መደርደሪያው ላይ መልሳ ስታስቀምጠው፣ አንድ ሰው ደግሞ ሊለውጠው ሳይመጣ ብዬ በሩን ቆለፍኩና ሁለቴ ነቀነቅኩት። ጎረቤታችን አባ ሙሜ ከበረንዳቸው ሆነው ሲስቁ ይሰማል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉን አይተዋል። ቁልፉ ቀጭ ሲል ከግድግዳው ማዶ እንዲህ አሉኝ፦ «ሸክላ ሲሉህ ዝም አትበል፤ ይዘፍናል ወይስ ይበላበታል በል።»