እትብት ያለው ጆግ

በአንድ ወቅት፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር በየቤቱ የቡፌ ዕቃ በሚንጫጫባት አንዲት የቆላ ከተማ፣ ዘርጋው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ሥራው ብርጭቆ መንፋት ነው። የተሰባበረ ጠርሙስ እቶን ውስጥ ያቀልጥና፣ የቀለጠውን በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ ያወጣዋል፤ ከዚያ በትንፋሹ እየነፋ ጆግ ያደርገዋል። በከተማዋ ጠጅ ቤቶች ሁሉ ጠጅ የሚቀዳው በእሱ ጆግ ነበር።

ለሚስቱ ለወይዘሮ አስካለም አንድ ሠራላቸው። ጆጉ ብዙም አላማረም። አንገቱ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ውኃ ሲቀዳበት መጀመሪያ እንደ ጉንፋናም ሰው «ኽም፣ ኽም» ይልና ከዚያ ይወርዳል። እጀታው ውስጥ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል የአየር አረፋ ቀርታበታለች።

«ሳሌም ገባበት፣ ትንፋሼም ቀረበት» አለ ዘርጋው እየሳቀ። «እንግዲህ እኔ ብጠፋ ሌላ ባል አትፈልጊም።»

ዘርጋው እውነትም ጠፋ። ለሥራ በባቡር ሄዶ በሄደበት ሞተ፤ መቃብሩን የሚያሳይ ሰው አልተገኘም። ፎቶግራፍም አልነበረውም። ወይዘሮ አስካለ በየማለዳው ጆጉን ከቡፌው ያወጡና አውራ ጣታቸውን አረፋዋ ላይ ያሳርፋሉ። ሳይነኳት የቀኑን ሥራ አይጀምሩም።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ እማዋይሽ በልጅነቷ ከአባቷ እቶን አጠገብ የማትጠፋ ነበረች። ሁለተኛው ደመላሽ ከዳቦ ቤት ዳቦ እየተቀበለ በብስክሌት ለየሱቁ ያደርሳል። የመጨረሻዋ ትርንጎ ቤት ውስጥ እናቷን ታግዛለች፤ ዝምተኛ ናት።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር ትርንጎ የቡፌውን ዳንቴል አወጣችና አጠበች። ቡፌው ውስጥ ሁለት ጆጎች አሉ። ሰማያዊ ዳንቴል የሚለብሰው የአባቷ ነው፤ ነጭ የሚለብሰው የፋብሪካ ነው። ዳንቴሎቹ ሲደርቁ ሳታስተውል አቀያየረቻቸው። የእናቷ ዓይን ስለደከመ ጆጎቹን ከሩቅ የሚለዩት በዳንቴሉ ብቻ መሆኑ ትዝ አላላትም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ «ልዋጭ! ልዋጭ!» የሚል ድምፅ በሩ ላይ ተሰማ። አሮጌ ዕቃ ተቀብሎ አዲስ የላስቲክ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ነው። ወይዘሮ አስካለ ሁለት እጃቸው ሊጥ ውስጥ ነበር።

«ግባና ነጭ ዳንቴል የለበሰውን ጆግ ውሰደው» አሉት። «ዳንቴሉን ግን ተውልኝ።»

ሰውየው አረንጓዴ የላስቲክ ጆግ አስቀምጦላቸው ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማያዊውን ዳንቴል ገልጠው አውራ ጣታቸውን እጀታው ላይ አሳረፉ። ጣታቸው ወዲያ ወዲህ ሄደ። አረፋዋ የለችም።

«የአባታችሁን ትንፋሽ በላስቲክ ለወጥኩት!» ብለው ጮኹ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻሉም። ከቡፌው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ቡፌው ይመላለሳሉ። ልጆቹ ቁጭ በይ ሲሏቸው ቁጭ ብለው መልሰው ይነሳሉ። ልዋጩ የሰበሰበውን ብርጭቆ ሁሉ የሚያስረክበው ለጋሽ ጀማል እንደሆነ፣ ጋሽ ጀማልም በመዶሻ አድቅቆ በጆንያ ወደ ፋብሪካ እንደሚልከው ከተማው ሁሉ ያውቃል። የጭነቱ ባቡር ደግሞ የሚያልፈው በዚያው ቀን ነበር።

መጀመሪያ የሮጠችው እማዋይሽ ናት። ግቢው ስትደርስ ጋሽ ጀማል መዶሻውን ይዞ የጆግ ክምር ፊት ተቀምጧል።

«የእናቴ ጆግ እዚህ ውስጥ ነው፤ እባክህ ቆይ!»

«ይኸውልሽ ክምሩ» አላት። «ጆግ ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። ባቡሩ ሳይመጣ ፈልጊ።»

እማዋይሽ ተንበረከከች። በጎኑ የስፌት መስመር ያለው በቅርጽ የወጣ የፋብሪካ ነው፤ ወደ ጎን ገፋችው። መስመር የሌለውን እየገለበጠች ሥሩን ዳበሰች። በእጅ የተነፋ ጆግ ከብረቱ ሲገነጠል ሥሩ ላይ ሻካራ ጠባሳ ይቀራል። አባቷ ያንን ጠባሳ እትብት ይለው ነበር። እትብት ያላቸው አምስት ተገኙ፤ አምስቱም የአባቷ ሥራ ናቸው፣ አምስቱም ዘመም ያሉ፣ አምስቱም አረፋ ያለባቸው። ከበርሜል ውኃ እየቀዳች በተራ አፈሰሰችባቸው። ከሁለቱ ውኃው ያለ ድምፅ ወረደ። ሦስተኛው «ኽም፣ ኽም» አለ።

«እሱ ነው! አባዬ ነው!»

ጋሽ ጀማል መዶሻውን አስቀመጠ። «ከሥሩ የምትዳብሺው ምንድነው?»

እማዋይሽ ከደስታዋ ብዛት ሁሉንም ነገረችው፤ መስመሩንም እትብቱንም። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ።

«የድሮ ዕቃ የሚሰበስበው የአዲስ አበባው አቶ ፍሥሐ በእጅ የተነፋውን ሁሉ ሰብስብልኝ ብሎ ቃል አስገብቶኛል። መለየት አቅቶኝ ስሰብር ነው የከረምኩት። እንኳን መጣሽ!» አለና ጆጉን ከእጇ ወሰደው።

ደመላሽ የደረሰው በዚህ መሃል ነው። የዳቦው ሣጥን ብስክሌቱ ኋላ እንደታሰረ ነበር።

«ጋሽ ጀማል፣ ምን ልስጥህ?»

«የገንዘብ ነገር አይደለም፤ ቃል ገብቻለሁ» አለ ጋሽ ጀማል። ይህን እያለ ግን ዓይኑ ብስክሌቱ ላይ ቀረ። «በዚህች ከሆነ... ቃሌን እንደምንም አስበዋለሁ።»

ደመላሽ ሰውየው ተናግሮ እስኪጨርስ አልጠበቀም። ሣጥኑን ፈታና የብስክሌቱን እጀታ አስጨበጠው። ጆጉን ዳቦው መሃል አስተኝቶ ሣጥኑን ትከሻው ላይ አደረገ።

«ሥራህስ?» አለች እማዋይሽ።

«እግር አለኝ።»

እግር ግን አልበቃም። ዳቦ ቤቱ ብስክሌት ያለው ሌላ ሰው ቀጠረ።

ወይዘሮ አስካለ ጆጉን ተቀብለው አውራ ጣታቸውን አረፋዋ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ተቀመጡ።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። አቶ ፍሥሐ ወሬውን ሰምቶ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ቆመ።

«እናቴ፣ ጀማል ለእኔ ቃል የገባው ከብስክሌቱ በፊት ነው። ጆጉ የሚገባው ለእኔ ነው። ደግሞ አይጎሳቆልም፤ መደርደሪያ ላይ መብራት ይበራለታል።»

«ባሌ መብራት ሲበራበት እንቅልፍ አይወስደውም ነበር» አሉት ወይዘሮ አስካለ።

አቶ ፍሥሐ ፈገግ አለ፤ ሐሳቡን ግን አልቀየረም። «እንግዲያው ነገ ሽማግሌ ይዤ እመለሳለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ ሁሉም አወቀው። የመጀመሪያው ቃል ይጽና ነው የሚሉት። ወይዘሮ አስካለ እንደገና ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ከቡፌው ወደ በሩ መመላለስ ጀመሩ።

ዳንቴሉን ያቀያየረችው እሷ መሆኗ ቤት ውስጥ ከታወቀ ወዲህ ትርንጎ ከማንም ጋር አላወራችም። በማግስቱ ጠዋት ማንንም ሳትጠይቅ ጆጉን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። መንገዱ ጥግ ላይ ፔዳል እየረገጠ ቢላዋ የሚስል ሰው አለ።

«ይሄን ጠባሳ ፋቅልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ብርጭቆ እኮ ነው! ይሰነጠቃል።»

«ፋቀው።»

ድንጋዩ ጮኸ። ነጭ ዱቄት እግሯ ላይ ዘነበ። እትብቱ ጠፋ።

ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ አቶ ፍሥሐ ጆጉን አነሳና ገለበጠው፤ ሥሩን ዳበሰ። ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አለች ትርንጎ።

«በእጅ የተሠራ ነገር እንዲህ ሲደረግ ከማይ ባላየው ይሻለኝ ነበር። የተፋቀ ጆግ አልወስድም።» ባርኔጣውን አድርጎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ጆጉ ቤት ቀረ፤ ግን ሥሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ገብታበታለች። ውኃ አይይዝም። እንግዲህ «ኽም፣ ኽም» ማለቱም አበቃ። እማዋይሽ ይህን ስታውቅ ውጭ ወጥታ ብቻዋን አለቀሰች።

ወይዘሮ አስካለ እስከ ክረምቱ ቆዩ። ሊሞቱ ሲሉ «ጆጉ ወደ እኔ ለመለሰው ልጄ ይሁን» አሉ። «ለማን ማለትሽ ነው፣ እማዬ?» ተባሉ። አውራ ጣታቸው አረፋዋ ላይ እንዳለ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከአርባቸው በኋላ ቤቱ የቀበሌ ስለነበር ሊያስረክቡት ሆነ። ሦስቱም ወደየፊናቸው ሊሄዱ ነው። ቡፌው ተሸጠ፤ ነገ ገዢው ይወስደዋል። ላዩ ላይ ጆጉ ብቻ ቀርቷል፣ ያለ ዳንቴል።

«እኔ ባልለየው ኖሮ ዛሬ የቢራ ጠርሙስ ሆኖ ነበር» አለች እማዋይሽ።

«መለየቱንስ ለይተሽዋል፤ ለጀማልም አብረሽ አስተማርሽው እንጂ» አለ ደመላሽ። «ከጀማል እጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄው እስከ ዛሬ ሥራ የለኝም።»

«ያመጣኸውን ብዙም ሳይቆይ ሊወስዱት አልመጡም?» አለች ትርንጎ። «እዚህ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

«አስቀረሽው? ድምፁን ገድለሽ!» አለች እማዋይሽ። «ደግሞ ዳንቴሉን ባትቀያይሪ ማን የት ይሄድ ነበር?»

«አውቃለሁ» አለች ትርንጎ። «ለዚህ ነው ማንንም ያልጠየቅሁት።»

ወዲያው ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፣ ባዶው ቡፌ ተንጫጫ፤ ጆጉ ወደ ጠርዙ መንሸራተት ጀመረ። ሦስት እጆች እኩል ተዘረጉና ያዙት፤ አንዱ አንገቱን፣ አንዱ ሆዱን፣ አንዱ አረፋዋ ያለችበትን እጀታ። ባቡሩ አልፎ ሄደ። ማንም አልለቀቀም።

እኔ ይህን ነገር ሳስብ አንዴ ለአንዷ፣ አንዴ ለሌላዋ፣ አንዴ ለእሱ እያደላሁ አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ጆጉን ወደ እናታቸው የመለሰው ማን ነው? ከሦስቱ እጆች የማን ይቆይ፣ የእነማንስ ይልቀቁ?